ጠባብ ሀዲድ በጠረጴዛ ላይ፦ ባለአራት መንኮራኩር ፉርጎ ከነመስመሩ አሠራር

የሞዴል ባቡር ወዳጆች ገንዘባቸውንም ጉጉታቸውንም ቀድመው የሚያፈሱት ሎኮሞቲቩ ላይ ነው። በጠባብ ሀዲድ ሥራ ግን በመጀመሪያ መሠራት ያለበት ተራ ፉርጎ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ የሀዲዱን ጥበት ለዓይን የሚነግረው ፉርጎው ነው። በመደበኛው 1,435 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወርዱ ከሀዲዱ ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። በ760 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ ግን ሁለት ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ጠባቡን ሀዲድ ጠባብ የሚያስመስለው ይህ በግራና በቀኝ ተርፎ የሚወጣ አካል ነው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ፉርጎ ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ለዓይን የማትታይ ጠማማነት ከሀዲድ ታስወጣዋለች። ቀጥ አድርጎ መሥራትን በፉርጎ ላይ የተለማመደ እጅ በኋላ ሞተር ያለውን ነገር ሲነካ አይቸገርም።

ከዚህ በታች አንድ ክፍት የጣውላ ፉርጎ ከባዶ የፕላስቲክ ሉህ ተነሥተን እስከ ዝገቱ ድረስ እንሠራለን። ከዚያም የሚቆምበትን አጭር መስመርና የመጫኛ መድረክ እናዘጋጅለታለን።

ስኬልና የሀዲድ ስፋት

የጠባብ ሀዲድ ሞዴል ጥሩ ጎኑ ለትንንሾቹ መደበኛ ሞዴሎች የተሠራውን ሀዲድና መንኮራኩር በውሰት መጠቀሙ ነው። ኤን የሚባለው የ1:160 ሞዴል፣ ማለትም ከእውነተኛው 160 ጊዜ ያነሰው፣ በ9 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ ይሄዳል። ያንኑ 9 ሚሊሜትር ሀዲድ ወስዳችሁ በላዩ 1:87 የሆነ ፉርጎ ብታስቀምጡ ኤችኦኢ የሚባለውን ታገኛላችሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 9 ሲባዛ በ87፣ 783 ሚሊሜትር። በኦስትሪያና በቦስኒያ የተለመደው ጠባብ ሀዲድ 760 ሚሊሜትር ነው። በሞዴሉ ላይ ልዩነቱ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን ማንም ዓይን አይለየውም።

የአንድ ሜትር ሀዲድ ለሚወድ፣ ለምሳሌ የስዊዘርላንዱን የሬቲያን ባቡር መሥራት ለሚፈልግ፣ በዚያው በ1:87 የ12 ሚሊሜትር ሀዲድ አለለት፤ ኤችኦኤም ይባላል። ዓይኑ ደከም ያለ ወይም እጁ ወፈር ያለ ሰው ደግሞ ወደ 1:48 ቢሄድ ይሻለዋል። የ16.5 ሚሊሜትር ሀዲድ በ1:48 ሲባዛ 792 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም በእንግሊዝና በአሜሪካ ልኬት ሁለት ጫማ ተኩል ለሚባለው 762 ሚሊሜትር ይቀርባል። በዚህ ስኬል አንድ ቡሎን በወረንጦ ሲያዝ ቢያንስ ይታያል።

እኛ 1:87ን በ9 ሚሊሜትር ሀዲድ እንይዛለን። በሌላ ስኬል የምትሠሩ ከታች ያሉትን የአካል ልኬቶች በ87 አባዙና በራሳችሁ ስኬል አካፍሉ። መንኮራኩሩ፣ ዘንጉና የሉሁ ውፍረት ግን በገበያ ያለውን ስለሚከተሉ እንደገና መመረጥ አለባቸው።

ስኬሉ ከተወሰነ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ መስመሩ ምን ያመላልሳል የሚለው ነው። በዌልስ የሚገኘው የፌስቲኒዮግ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1836 ሲከፈት ሥራው ከተራራ ላይ የጣሪያ ድንጋይ ወደ ወደብ ማውረድ ነበር። የተጫኑት ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ባዶዎቹን ፈረስ ሽቅብ ይጎትታል። የሀዲዱ ስፋት 597 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ደኮቪል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ ሀዲዱ ከሚያርፍባቸው የብረት አግዳሚዎች ጋር ተገጣጥሞ ያለቀና በሰው ጉልበት የሚዘረጋ ሀዲድ ለእርሻና ለፋብሪካ ይሠራ ነበር። እነዚህ መስመሮች መልካቸው የተለያየው ሥራቸው የተለያየ ስለነበር ነው። የእናንተ መስመር እንጨት የሚጭን ከሆነ ፉርጎው ዝቅ ያለና ግድግዳ የሌለው፣ ድንጋይ የሚጭን ከሆነ አጭርና ወፍራም ይሁን። ጭነቱን ሳይወስኑ ፉርጎ መሥራት ሳይለኩ ልብስ እንደ መስፋት ነው።

መሣሪያና ቁሳቁስ

ብዙ አያስፈልግም። አዲስ ምላጭ ያለው ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ትንሽ ስኳድራ፣ ስስ ሞረድ፣ ጫፉ የማይላቀቅ ወረንጦ፣ ከ0.3 እስከ 1 ሚሊሜትር የሚሄዱ የመሰርሰሪያ ፑንታዎች ከእጅ መያዣቸው ጋር፣ እንዲሁም ቀጥ ያለ የመስተዋት ቁራጭ። መስተዋቱን አትናቁት፤ በዚህ ሥራ ውስጥ የማይዋሽ ብቸኛው ጠፍጣፋ ነገር እሱ ነው። ልኩን በቁጥር የሚያሳይ ካሊፐር ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ ይቀልላል።

ለአካሉ 1 ሚሊሜትርና 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስታይሪን ሉህ፣ ለብረታ ብረቱ 0.13 ሚሊሜትር የሆነ ስስ ሉህ፣ የ0.3፣ የ0.5 እና የ0.8 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ፣ ሁለት ጥንድ የኤን መንኮራኩር ከነዘንጉ፣ አራት ጥቃቅን የነሐስ ኩሽኔታ፣ ለፖሊስታይሪን የሚሆን ቀጭን ፈሳሽ ማጣበቂያ። ፈሳሹ ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያዋህድ ስለሆነ ትነቱ ለሳንባ አይበጅም፤ መስኮት ክፈቱ።

ሻንሲው፦ ሥራው ከመንኮራኩሩ ይጀምራል

አብዛኛው ሰው ሳጥኑን ሠርቶ ሲያበቃ መንኮራኩሩን ከሥሩ ሊያስገባ ይሞክራል። ተቃራኒውን አድርጉ። መጀመሪያ መንኮራኩሮቹን መርምሩ። በሁለቱ መንኮራኩሮች ጀርባ መካከል ያለው ርቀት ለ9 ሚሊሜትር ሀዲድ ከ7.4 እስከ 7.6 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ከጠበበ ፉርጎው የሀዲድ መቀየሪያ ላይ ይዘላል፣ ከሰፋ ደግሞ ይቀረቀራል። ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ልክ ነው ብላችሁ አትመኑ። ልኩን የሳተውን በጣት እያሽከረከራችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት ወይም ሳቡት። ከዚያም ዘንጉን በሁለት ጣት መካከል አሽከርክሩት፤ መንኮራኩሩ የሚወላገድ ከሆነ አስወግዱት፤ የተጣመመ ዘንግ አይቃናም።

ቀጥሎ የዘንጉን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። የኤን ዘንጎች ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያዩ ይህን ቁጥር ከሌላ ሰው መዋስ አይቻልም። ዘንጉን የሚሸከሙት ሁለት ጎኖች በውስጥ በኩል ሊኖራቸው የሚገባው ርቀት እንዲህ ይሰላል፦ ከዘንጉ ርዝመት ላይ የሁለቱን ኩሽኔታ ጉድጓድ ጥልቀት ቀንሱና ለመላወሻ 0.2 ሚሊሜትር ጨምሩ። ዘንጉ 15 ሚሊሜትር፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ 1 ሚሊሜትር ቢሆን መልሱ 13.2 ሚሊሜትር ነው።

የፉርጎው ወለል 50 በ22 ሚሊሜትር ነው፤ በእውነቱ ዓለም 4.35 ሜትር በ1.91 ሜትር መሆኑ ነው። ከ1 ሚሊሜትር ሉህ ቁረጡት። ፖሊስታይሪን እስከ መጨረሻው በምላጭ አይቆረጥም፦ ማስመሪያውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀላሉ ጫሩት፣ ከዚያ ጭረቱ ላይ እጠፉት፣ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ምላጩን የሚጫን ሰው ሉሁንም ጣቱንም ያበላሻል።

ወለሉን ገልብጡና መሀሉን ቁመቱን ይዛችሁ በእርሳስ አስምሩ። ዘንጎቹ ከመሀል ወደ ፊትና ወደ ኋላ 12.5 ሚሊሜትር ላይ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው 25 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ዘንግ ተሸካሚዎቹን ከ1 ሚሊሜትር ሉህ አራት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አራቱን አንድ ላይ አጣብቃችሁ በአንድ ጊዜ ብትበሷቸው ቀዳዳው በሁሉም ላይ እኩል ከፍታ ይይዛል። ለጊዜው ለማጣበቅ ባለሁለት ገጽ ፕላስተር ይበቃል። ኩሽኔታውን ከውስጥ በኩል አስገቡ፤ ጫፉ በውጭ ብቅ ቢል አያሳስብም፤ በኋላ በዘንግ ሳጥኑ ይሸፈናል። የቀዳዳውን ከፍታ ስትወስኑ የወለሉ የላይኛው ገጽ ከሀዲዱ ጫፍ 8.6 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ እንዲል አስቡ። ከዚህ ከፍ ካለ ፉርጎው በእንጨት እግር የሚሄድ ይመስላል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በአንደኛው ዘንግ በኩል ሁለቱን ተሸካሚዎች በስኳድራ እየለካችሁ ወለሉ ላይ አጣብቋቸው። በሌላኛው በኩል ግን ሁለቱን ተሸካሚዎች 13.2 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ትንሽ ቁራጭ ጎንና ጎን ላይ አጣብቁ። ይህ ቁራጭ ወለሉን ሳይነካ፣ በፉርጎው ርዝመት አቅጣጫ በተዘረጋ የ0.8 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ ላይ ይንጠልጠል። እንዲህ ሲሆን አንደኛው ዘንግ ጸንቶ ይቆማል፣ ሁለተኛው እንደ ሀዲዱ ሁኔታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዋዥቃል። በየጎኑ የ0.4 ሚሊሜትር መላወስ ከበቂ በላይ ነው። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ባልተስተካከለ መሬት ላይ የማይወዛወዘው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ወዲያው ይረዳዋል። በመንኮራኩሮቹ መካከል 25 ሚሊሜትር ብቻ ላለው ፉርጎ ይህ ትርፍ ድካም ነው የሚሉ አሉ። ሀዲዳቸው ከፋብሪካ የመጣና ፍጹም ጠፍጣፋ ከሆነ እውነት አላቸው። በእጅ በተዘረጋ ሀዲድ ላይ ግን ልዩነቱ በመጀመሪያው ኩርባ ይታያል።

በመጨረሻ ሁለቱን ረጃጅም የሻንሲ አግዳሚዎች፣ 2.5 ሚሊሜትር ከፍታና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን፣ ከተሸካሚዎቹ ውጭ አጣብቁ። በሚዋዥቀው ዘንግ በኩል አግዳሚው ተሸካሚውን እንዳይነካ ከውስጥ በሞረድ ትንሽ ፋቁት። ሻንሲውን መስተዋቱ ላይ አቁሙና የወለሉን አራት ማዕዘኖች በየተራ በጣት ጫን አድርጉ። አራቱም መንኮራኩሮች መስተዋቱን ካልነኩ ማጣበቂያው ሳይደርቅ አስተካክሉ። ይህን ሳታረጋግጡ ወደ ሳጥኑ አትለፉ።

ሳጥኑና ጣውላዎቹ

ግድግዳው አራት ጣውላ ሲሆን የእያንዳንዱ ጣውላ ወርድ 2.3 ሚሊሜትር ነው፤ በድምሩ 9.2። 9.2 ሚሊሜትር ወርድ ያለው አንድ ረጅም ስትሪፕ ቁረጡና በ2.3፣ በ4.6 እና በ6.9 ላይ የጣውላ መጋጠሚያዎቹን በምላጩ ጀርባ ጫሩ። ከዚህ በኋላ ነው ሁለት 50 ሚሊሜትርና ሁለት 20 ሚሊሜትር ቁራጮች የሚወጡት። ቀድሞ ጭሮ ኋላ መቁረጥ መስመሮቹ በማዕዘኑ ላይ ያለ ችግር እንዲገናኙ ያደርጋል።

ጭረቱ በሁለቱም ገጽ መሆን አለበት። ክፍት ፉርጎ ውስጡም ይታያልና ይህ ለመልኩ ያስፈልጋል፤ ሌላም ምክንያት አለው፦ በአንድ ገጽ ብቻ የተጫረ ሉህ በጊዜ ብዛት ይቆለመማል፤ በሁለቱም ገጽ ሲጫር ጉተታው ይመጣጠናል። ወለሉ ላይ ጣውላዎቹ የሚሄዱት በወርዱ አቅጣጫ ነው።

የእንጨቱን ጅማት ለማሳየት የስስ መጋዝ ጥርስ ወይም የሽቦ ብሩሽ በጣውላው ርዝመት አንድ ጊዜ ቀስ አድርጎ ማስኬድ በቂ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እጁ ይበዛል። በ1:87 አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሚጠልቅ ጭረት በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ወደ 9 ሚሊሜትር የሚጠልቅ ስንጥቅ ነው፤ እንዲህ የተሰነጠቀ ጣውላ ድንጋይ አይሸከምም። ይልቅስ ከአራቱ ጣውላዎች የአንዱን ጫፍ በምላጭ ትንሽ ሸረፍ አድርጉ፣ አንዱን መጋጠሚያ ከሌሎቹ ጠለቅ አድርጋችሁ ጫሩ። ዓይን የሚያምነው ሥርዓት ያለውን መመሰቃቀል ሳይሆን አንድ ሁለት ቦታ የታየውን ጉዳት ነው።

ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ወለሉ ጠርዝ ላይ አቁሙ፣ አጭሮቹን በመካከላቸው አስገቡ፣ ፈሳሹን በቀጭን ብሩሽ ከውስጥ በኩል መጋጠሚያው ላይ ብቻ ነካ አድርጉ፤ ራሱ ይሰርጋል። ሁለት ሉህ ገጽ ለገጽ የምታጣብቁበት ቦታ ካለ ከማይታየው ወገን ቀዳዳዎች ብሱለት። የታፈነ ትነት ፕላስቲኩን ከውስጥ እያለሰለሰ ከወራት በኋላ ያሳብጠዋል።

በመካከል ያለው 18 ሚሊሜትር ርዝመት በር ነው። በግራና በቀኙ አንድ አንድ ጠለቅ ያለ ቀጥ መስመር ጫሩ፤ በሩ የሚከፈት ማድረግ በዚህ ስኬል ድካሙን አይከፍልም።

ብረታ ብረቱ

ማዕዘኖቹን የሚያስሩት የብረት ሰሌዳዎችና የበሩ ማጠፊያዎች ከ0.13 ሚሊሜትር ሉህ 1 ሚሊሜትር ወርድ ባላቸው ስትሪፖች ይሠራሉ። ሪቬቶቹን ከመቁረጣችሁ በፊት አውጡ፦ ሉሁን ወፍራም ካርቶን ላይ አስቀምጡና ጫፏ በደነዘዘ መርፌ ከጀርባ ጫን አድርጉ፤ በፊት በኩል ክብ ጉብታ ይወጣል። ርቀታቸው እኩል እንዲሆን ማስመሪያ አጠገቡ አስደግፉ። ሪቬት እኩል ካልተሰለፈ ማንም ሰው ከሁለት ሜትር ርቀት ያየዋል፤ ከሌላው ስሕተት ሁሉ ይልቅ ይህኛው ይጮኻል።

የቡሎን ራሶች ከ0.5 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ዘንግ እንደ ሽንኩርት በስሱ ተቆርጠው በምላጭ ጫፍ ይቀመጣሉ። ባሌስትራውና የዘንግ ሳጥኑ ተዘጋጅቶ ከተገኘ መግዛቱ ብልህነት ነው፤ ካልተገኘ ከ0.5 ሚሊሜትር ሉህ አራት ቅጠሎችን ከረጅም ወደ አጭር ደርባችሁ ባሌስትራውን ሥሩ። በሚዋዥቀው ዘንግ በኩል የዘንግ ሳጥኑን ተሸካሚው ላይ፣ ባሌስትራውን አግዳሚው ላይ ለያይታችሁ አጣብቁ፤ አለበለዚያ የደከማችሁበት መዋዥቅ እዚያው ይቆለፋል።

የፍሬኑ ማንሻ በአንድ ጎን ብቻ ይገባል። የ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ አንዱን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፉ፣ ከዘንጉ ሳጥን በላይ እንዲያልፍ አጉብጡ። የእጅ መያዣዎች ከ0.3 ሚሊሜትር ሽቦ ናቸው። ሽቦ ከፕላስቲክ ጋር በሱፐር ግሉ ይያያዛል፤ ጠብታውን በመርፌ ጫፍ አንሡ እንጂ ከጡጦው በቀጥታ አታፍስሱ።

ማያያዣው በአብዛኛዎቹ ጠባብ ሀዲዶች ላይ ግጭት ማብረጃውንም መንጠቆውንም አንድ ላይ የያዘ፣ መሀል ላይ የተተከለ ነጠላ ዕቃ ነው። የፈለጋችሁትን ዓይነት ምረጡ፣ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ምረጡና በዚያው ጽኑ። ከፍታው በሁሉም ፉርጎ ላይ እኩል እንዲሆን የመለኪያ ቁራጭ ሥሩ፦ ሀዲድ ላይ የሚቆም ትንሽ ፕላስቲክ ሲሆን የማያያዣው ሥር የሚያርፍበት ደረጃ የተቆረጠበት።

ክብደት

እስካሁን የሠራችሁት ፉርጎ ያለ መንኮራኩር ከ3 እስከ 4 ግራም ይመዝናል። ይህ አይበቃም፤ ረጅም ባቡር ወደ ኋላ ሲገፋ መሀል ያሉት ቀላል ፉርጎዎች ተነሥተው ይወድቃሉ። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ከወለሉ ሥር 17 በ13 ሚሊሜትር የሚሆን ቦታ አለ፤ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ቁራጭ (መጻፊያው ሳይሆን ከባዱ ብረት) እዚያ ቢገባ ወደ 8 ግራም ይጨምራል፣ ጠቅላላውም ወደ 12 ግራም ይደርሳል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኩልነቱ ይበልጣል፦ ሁሉም ፉርጎዎቻችሁ በአንድ ሴንቲሜትር ርዝመት ተመሳሳይ ክብደት ይኑራቸው።

እርሳሱን በነጭ የእንጨት ኮላ አታጣብቁት። በኮላው ውስጥ ያለው አሲድ እርሳሱን ቀስ በቀስ እየለወጠ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል፤ ዱቄቱ ከእርሳሱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከዓመታት በኋላ ሞዴሉን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ኢፖክሲ ወይም ሱፐር ግሉ ተጠቀሙ። እርሳስ መርዝ ነውና በሞረድ አትፈግፍጉት፣ ከነካችሁም በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ብረት ወይም ነሐስ ይተካው።

ቀለምና ማስረጀት

ፉርጎውን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ የጣት ቅባት ካለ ቀለም አይይዝም። ስስ ግራጫ የመሠረት ቀለም ከተቀባ በኋላ እስከዚያ ያልታየ ክፍተት ሁሉ ብቅ ይላል፤ በዚህ ደረጃ ይሞላና ይሞረዳል።

ቀለም ያልተቀባ አሮጌ ጣውላ ቡናማ አይደለም፤ ፀሐይና ዝናብ ያመነመነው እንጨት ግራጫ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በፈዛዛ ግራጫ ቀቡ፣ ከዚያ አንዳንድ ጣውላዎችን ብቻ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡኒ የሚያደላ ግራጫ አልብሱ። አንድ አዲስ የተቀየረ ጣውላ በደማቁ ቢታይ ፉርጎው የተጠገነ፣ ሥራ ላይ ያለ መሆኑን ይናገራል። በመጨረሻ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በላዩ አፍስሱ፤ መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ይተኛል።

ለብረቱ ንጹሕ ጥቁር አትጠቀሙ። ትንሽ ነገር ላይ ጥቁር ከሚገባው በላይ ይከብዳል፤ ጥቂት ግራጫና ቡኒ ቀላቅሉበት። ዝገት በየቦታው የሚረጭ ሳይሆን ውኃ በሚቆምበት የሚጀምር ነገር ነው፦ በሰሌዳው ታችኛው ጠርዝ፣ በቡሎን ራስ ሥር፣ በማጠፊያው መገናኛ። የፉርጎው ውስጥ ከውጩ የበለጠ የተጎዳ ይሁን፤ አካፋና ድንጋይ የሚመታው እዚያ ነው። ሻንሲውን በመስመራችሁ አፈር ቀለም አቧራ አልብሱት፤ የመንኮራኩሩን መሄጃ ፊት ግን ከቀለም አጽዱ። ማሳረጊያው የማያብረቀርቅ ቨርኒሽ ነው። የቀለም ዱቄት የምትጠቀሙ ከሆነ ከቨርኒሹ በኋላ ጨምሩበት፤ ቨርኒሽ ዱቄትን ይውጣል።

መስመሩ

60 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ የፕላይውድ መደብ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል። በላዩ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም አጣብቁ፤ ቦይና ጉብታ በቢላ ለመቅረጽ ይመቻል።

ለኤን የተሠራ ሀዲድ ስፋቱ ልክ ቢሆንም ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች ለእኛ ስኬል ቀጭንና የተጠጋጉ ናቸው። በጠባብ ሀዲድ ላይ ከአንዱ አግዳሚ መሀል እስከ ሌላው መሀል ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ቢሆን በእኛ ስኬል ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው። ለኤችኦኢ ተብሎ የተሠራ ሀዲድ ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ ከኤኑ ሀዲድ ላይ አንድ አንድ አግዳሚ እያለፋችሁ ቁረጡ፣ የቀሩትንም በአፈር ግማሽ ቅበሩ። ትዕግሥት ያለው ሰው ደግሞ 16 ሚሊሜትር ርዝመትና 2.2 ሚሊሜትር ወርድ ያላቸውን የእንጨት አግዳሚዎች ራሱ ይደረድራል፤ በየአምስተኛው ወይም በየስድስተኛው ቦታ መዳብ የለበሰ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ቁራጭ አስገብቶ ሀዲዱን በስታኞ ይበይዳል። የሰሌዳው መዳብ መሀል ላይ በሞረድ መቆረጥ አለበት፤ ካልተቆረጠ ሁለቱ ሀዲዶች በኤሌክትሪክ ይገናኛሉ። 1 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ሀዲድ ከ1.4 ሚሊሜትሩ ይልቅ ለቀላል መስመር ይስማማል። ለእያንዳንዱ የሀዲድ ቁራጭ የራሱን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሥር አምጡለት፤ በማገናኛ ቆርቆሮ ላይ የተማመነ ሰው ጥቂት ቆይቶ የቆመ ባቡር ይገፋል።

ቀላል መስመሮች ብዙ ጊዜ ጠጠር ሳይሆን አፈር፣ አመድና ከሰል ፍርፋሪ ነበር የሚነጠፍላቸው። ደቃቅ አፈር አንፉ፣ በምድጃ አሙቁት፣ ከዚያ ማግኔት በላዩ አሳልፉ። የብረት ቅንጣት ካለበት በኋላ ወደ ሎኮሞቲቩ ሞተር ተስቦ ይገባል። አፈሩን ነስንሱ፣ ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ጭጋግ እርጩ፣ ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በአራት እጅ ውኃ የቀጠነውን በጠብታ አጠጡት። ሳይደርቅ ፉርጎውን ወዲያ ወዲህ አስኪዱበት፤ የመንኮራኩሩ ከንፈር፣ ማለትም ሀዲዱን ከውስጥ የሚይዘው ጠርዝ፣ የሚነካው ነገር ካለ ያኔ ይሰማችኋል። ከደረቀ በኋላ የሀዲዱን ፊት በአልኮል ጥረጉ። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻ ይሰበስባል።

መድረኩና ዙሪያው

የመጫኛ መድረኩ ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል ከፍታ ይኑረው። ከሀዲዱ መሀል እስከ መድረኩ ጠርዝ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ላይ 13 ሚሊሜትር ነው፦ የፉርጎው ግማሽ ወርድ 11፣ መተላለፊያ 2። በኩርባ ላይ ግን ይህ አይበቃም። የፉርጎው ጫፍ ወደ ውጭ የሚወጣው መጠን እንዲህ ይሰላል፦ የአካሉ ርዝመት በራሱ ሲባዛ፣ ከዚያ ላይ የዘንጎቹ ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲቀነስ፣ ውጤቱ ለስምንት እጥፍ የኩርባው ራዲየስ ሲካፈል። በ200 ሚሊሜትር ራዲየስ ላይ የእኛ ፉርጎ 1.2 ሚሊሜትር ብቻ ይወጣል። 130 ሚሊሜትር ርዝመት ኖሮት መዞሪያዎቹ (ከሥሩ በየጫፉ ያሉት፣ ለብቻቸው የሚዞሩ የመንኮራኩር ጋሪዎች) በ80 ሚሊሜትር የተራራቁ የመንገደኞች ፉርጎ ግን በዚያው ኩርባ 6.6 ሚሊሜትር ወደ ውጭ፣ መሀሉም 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይወጣል። መድረኩን ከማጣበቃችሁ በፊት ረጅሙን ፉርጎ አስቡ።

የድንጋይ ግድግዳውን ከፎም ቅረጹ፦ መጋጠሚያዎቹን በደነዘዘ እርሳስ ጫኑ፣ የድንጋዮቹን ፊት በተጨማደደ ፎይል ነካ ነካ አድርጉ፣ ስስ ጀሶ ቀቡና አቅልሙ። ሣር በሀዲዶቹ መካከል ሳይቀር ይብቀል፤ 2 ሚሊሜትር የሚረዝም የሣር ክር በእውነቱ 17 ሴንቲሜትር ነውና ከዚያ አትለፉ።

ስለ ጥቃቅን ዕቃዎች አንድ ምክር አለኝ፦ አትበትኗቸው። በርሜል እዚህ፣ አካፋ እዚያ፣ ሳጥን ወዲያ የተጣለበት ቦታ የዕቃ ሱቅ ይመስላል። አንድ ጥግ ምረጡና የሥራ ምልክት ያለበት አድርጉት፤ ሦስት አሮጌ አግዳሚዎች የተደረደሩበት፣ አጠገቡ መዶሻና ጥቂት የሀዲድ ምስማሮች ያሉበት። የቀረው ቦታ ባዶ ይሁን። ሰዎችን ስትጨምሩ የተቀመጠ ወይም የተደገፈ ምረጡ። እየሮጠ የደረቀ ምስል በሦስተኛው ቀን ያሰለቻል፤ ግድግዳ የተደገፈ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያ ቢቆም ማንም አይጠይቀውም።

ፍተሻ

ፉርጎው ለብቻው በጣት ተገፍቶ ሲሄድ ደህና ነው ማለት አያስተማምንም። አራት አምስት ፉርጎዎችን አያይዙና በሎኮሞቲቩ ወደ ኋላ ግፏቸው፣ በሀዲድ መቀየሪያው ላይ በሁለቱም አቅጣጫ አሳልፏቸው። ከሀዲድ የወጣ ካለ የወጣበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉበት። አንድ ፉርጎ በተለያዩ ቦታዎች የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የፉርጎው ነው፤ የመንኮራኩሮቹን ጀርባ ርቀት እንደገና ለኩ። የተለያዩ ፉርጎዎች በአንድ ቦታ የሚወጡ ከሆነ ጥፋቱ የሀዲዱ ነው። በእያንዳንዱ ፉርጎ ሥር ቁጥሩን፣ ክብደቱን በግራም እና መንኮራኩሩ የጸዳበትን ቀን በቀጭን ብዕር ጻፉ።